ከናይሮቢ እስከ ቱርካና ሐይቅ፦ የሞተር፣ የኮረኮንችና የአቧራ ማስታወሻ

ናይሮቢ፣ ከመነሳታችን በፊት

ወደ ቱርካና ሐይቅ በሞተር ልንሄድ ነው ስንል ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነበር። «ምን ምን ገዛችሁ?» እውነቱን ለመናገር ብዙ የገዛነው ነገር የለም። ስንፈታና ስንገጥም ነው የከረምነው።

የኔዋ 650 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየርና በዘይት የምትቀዘቅዝ፣ በካርቡሬተር የምትሠራ አሮጊት ናት። ራዲያተር የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም። ሰው ይስቅባታል። ሰሜን ኬንያ ውስጥ ግን ድንጋይ የሚበሳው ራዲያተር አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የጓደኛዬ ባለ 250 ናት፤ ቀጭን፣ ቀለል ያለች፣ ነዳጅ የማትጠጣ። ሁለታችንም ናይሮቢ የምንኖር ሀበሾች ነን።

አንድ ደንብ አወጣን። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሞተሮቹ የሚነኩት ይዘናቸው በምንሄደው መፍቻዎች ብቻ ነው። ትልቁ የመፍቻ ሳጥን ተቆልፎ ቁልፉ ለባለቤቴ ተሰጠ። ጨዋታ ይመስላል። ግን የኋላውን ጎማ ለማውጣት 24 ቁጥር መፍቻ እንደሚያስፈልግ፣ የካንዴላው መፍቻ ደግሞ ረዝሞ ከፍሬሙ ጋር እንደሚጋጭ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የካንዴላው መፍቻ በመጋዝ አጠረ። እጃችን ያልገባ መፍቻ ሁሉ ተቀነሰ። መጨረሻ ላይ የቀረችው በአንድ እጅ የምትያዝ ጥቅልል ናት።

ከዚያ ቡሎን በቡሎን። ኮረኮንች ሞተር የሚገድለው በአንድ ምት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ እያንቀጠቀጠ ቡሎን በመፍታት ነው። ስለዚህ የፖርቶመጋላውን (የዕቃ መጫኛውን ብረት)፣ ከሥር ያለውን የሞተር መከላከያ፣ የእግር መርገጫውን ቡሎኖች አንድ በአንድ እያወጣን በቤንዚን አጠብን። ሰማያዊ ሎክታይት፣ ማለት ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ፣ ጠብ አድርገን መለስናቸው። ቀዩን አትንኩት፤ መንገድ ላይ ያለ እሳት አይፈታላችሁም። በመጨረሻ ከቡሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አሰመርን። ቡሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ጠዋት ጠዋት ሻይ እስኪፈላ ዞር ዞር ብሎ በዓይን ማየት ነው፤ መፍቻ ማውጣት እንኳ አያስፈልግም።

ነዳጁ ሒሳብ ይፈልጋል። ከማርሳቢት በኖርዝ ሆር በኩል እስከ ሎያንጋላኒ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በመሀል ማደያ ላይ መተማመን አይቻልም። ሞተሬ በአስፋልት በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። አሸዋ ላይ 15 ከሄደች እሰየው ነው። 300 ለ15 ሲካፈል 20 ሊትር። ከፋብሪካ የመጣችበት ታንክ 13 ሊትር ብቻ ስለነበር 20 በሚይዝ ፕላስቲክ ታንክ ተለወጠ። ላዩ ላይ ደግሞ 5 ሊትር የምትይዝ የነዳጅ ከረጢት። ከረጢት ጥሩነቱ፣ ባዶ ሲሆን ተጠቅልሎ ኪስ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሞላውን ነው። ፋብሪካው የኋላውን ሞላ የሠራው ቀለል ላለ ሰው ነው፤ ሻንጣ፣ ውሃና ነዳጅ አላሰበም። አለካክን። ሞተሯ በአየር ላይ ስትሆንና ሙሉ ጭነት ከነሰውዬው ሲቀመጥባት ያለው ልዩነት 120 ሚሊ ሜትር ሆነ። የኋላው ጎማ በጠቅላላ የሚንቀሳቀሰው 260 ነው። ግማሹ ቁጭ ሲባል አለቀ ማለት ነው። መሆን ያለበት ሲሶው ገደማ ነው። ጠንከር ያለ ሞላ ሲገባ 90 ሆነ። ከተለወጠው ነገር ሁሉ ገንዘቡን የመለሰው ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። መሪው እንኳ ሌላ ሆነ።

የአየር ፊልትሮው ስፖንጅ ነው። ሁለት ትርፍ ስፖንጅ በፊልትሮ ዘይት ነክረን፣ ጨምቀን፣ በፕላስቲክ ከረጢት አሰርን። መንገድ ላይ የሚቀረው ማውጣትና ማስገባት ብቻ ይሆናል። ስፖንጁ የሚቀመጥበት አፍ ዙሪያውን ግሪስ ተቀባ፤ አቧራ ቀዳዳ የሚፈልገው እዚያ ጋ ነው። የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመዶች ትርፋቸው ከዋናው ጎን ለጎን ተዘርግተው በፕላስተር ታሰሩ። ገመድ ቢበጠስ ጫፉን ማቀያየር ነው። የጎማና የመሪ ኩሽኔታዎች፣ ማለት የሚሽከረከሩባቸው ኳሶች፣ ወጥተው ታጥበው አዲስ ግሪስ ጠገቡ። ባልቮላው፣ የሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ፣ በቀዝቃዛ ሞተር ተለክቶ ተስተካከለ። ዘይቱ ወፍራሙ 20/50 ሆነ፤ ሙቀቱ ቀላል አይደለም።

ዕቃ ላይ ተከራከርን። ጓደኛዬ የአልሙኒየም ሳጥን ወዳድ ነው። ይቆለፋል፣ ወንበር ይሆናል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። እኔ የጨርቅ ሻንጣ ነው የምለው፤ ቀላል ነው፣ ስትወድቅ እግር አይሰብርም። ማንም ማንንም አላሳመነም።

ከመሄዳችን ሳምንት ቀድመን ሙሉ ጭነት ጭነን በማጋዲ ሐይቅ አቅጣጫ ወረድን። ከናይሮቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱና ድንጋዩ ለፈተና የተሠራ ነው። የአንዱ ሻንጣ ማሰሪያ የጭስ ማውጫውን ነክቶ ቀለጠ። ጥሩ። ቤት አጠገብ ቀለጠ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017፦ ናይሮቢ – ናንዩኪ – ኢሲዮሎ

ጥምቀትን አክብረን በሳምንቱ ወጣን። ቤንዚን ናይሮቢ ሊትሩ 176 ሽልንግ ገደማ ነበር።

ስለ አስፋልቱ የምናገረው ብዙ የለም። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ ዓመታት ኖሬበት እንኳ ጠዋት ጠዋት እጄ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ ያጉረመርማል፤ ከ90 በላይ ስትነዳ ጎማ እየበላህ ነው። ናንዩኪ የምድር ወገብ ምልክት ጋ ልጆች በባልዲ ውሃ በሰሜን በኩል እንዲህ፣ በደቡብ በኩል እንዲያ ይዞራል እያሉ ገንዘብ ይለቅማሉ። የምድር መዞር በባልዲ ውሃ ላይ የሚታይ ጉልበት የለውም፤ ሁሉም ነገር አፈሳሰሱ ላይ ነው። ቢሆንም የልጁ እጅ ቅልጥፍና 100 ሽልንግ ያወጣል።

ከቲማው በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከስንዴ እርሻ ወደ ግራር። ኢሲዮሎ ገብተን ፒላው፣ ማለት በቅመም የተሠራ ሩዝ፣ በግመል ሥጋ በላን፤ 350 ሽልንግ። አልጋ 1,200።

እሁድ፣ ጥር 18፦ ማርሳቢት

ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዛሬ ጥርት ያለ አስፋልት ሆኗል። የድሮዎቹ ሾፌሮች ስለዚህ መንገድ ሲያወሩ ግን ቀልድ የላቸውም። መኪኖች በአጀብ ነበር የሚሄዱት። ኮረኮንቹ አሞርዛተር ይበላል ይባል ነበር። እኛ በ80 እየነዳን፣ ኦሎሎክዌ ተራራን በግራ እያየን አለፍነው።

ያስቸገረን ነፋሱ ነው። ከላይሳሚስ በኋላ ከጎን እየመጣ ሞተሩን ዘንበል አድርጎ ያስነዳል። የጓደኛዬ ሳጥኖች ነፋሱን ይቀበሉ ነበር። ዝም አልኩ።

ማርሳቢት ከበረሃ መሀል ብቅ ያለች ተራራ ናት። ጫካ አላት፣ ጭጋግ አላት፣ ማታ ጃኬት ታስለብሳለች። አህመድ የሚባለው ጥርሰ ረጅም ዝሆን የኖረው እዚህ ነው፤ ጆሞ ኬንያታ በፕሬዚዳንት አዋጅ ጥበቃ ሰጥተውት እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ። ከተማው ውስጥ ቦረና፣ ገብራ፣ ሬንዲሌ አለ፤ ከእኛ አገር የመጡ ቡርጂዎችም ብዙ ናቸው። በኦሮምኛ ሰላም ስል ማደያው ሠራተኛ ፊቱ በራ። ስዋሂሊዬ ደካማ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ለቀናት የተግባባሁት በኦሮምኛ ነው። የወለጋ አነጋገሬ ያስቃቸዋል።

አንዲት እናት ምግብ ቤት እንጀራ አገኘን። ጤፍ የለበትም፤ ግን ሽሮው እውነተኛ ሽሮ ነው። ሁለት ሰው በልቶ 500 ሽልንግ። «ልጆቼ፣ ሰሜኑ ላይ ውሃ ያዙ» አሉን ሴትዮዋ። ለየራሳችን 8 ሊትር ያዝን።

ማታ ታንኩ እስከ አፉ ሞላ፣ ከረጢቱም።

ሰኞ፣ ጥር 19፦ ማይኮና፣ ካላቻ

አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ ነው ጉዞው የጀመረው። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በመሀሉ ቀይ አቧራ፣ ከዚያ ኮረኮንች። ኮረኮንች ላይ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ 80 ግባ፣ ጎማው ጫፍ ጫፉን እየነካ ይንሳፈፋል ይላል። እውነት ነው፣ ይንሳፈፋል። ፍሬን ስትይዝ ግን የሚይዘው መሬት የለም። እኛ በ50 እየተንቀጠቀጥን መሄድን መረጥን። ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ግን ድንጋይ ስታይ ትቆማለህ።

ማይኮና ሳንደርስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ።

ሰዓቱ ስድስት አልፏል። ጥላ የለም። ሞተሯን በጎን ማቆሚያዋ ላይ አዘንብለን በሌላው በኩል ድንጋይ ደገፍንላት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሳ። አክስሉ ወጣ። ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ማላቀቅ ነው ትልቁ ሥራ። መሬት ላይ አጋድመን የጓደኛዬን ሞተር አስጠጋንና የሷን ማቆሚያ ብረት ጎማው ጠርዝ ላይ አሳረፍነው። ሞተሯን ወደዚያው በኩል ስንጫን ቧ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ በመፈልቀቂያ ብረት፣ ትንሽ ትንሽ እየነከስን፣ ተቃራኒውን ጎን በጉልበት ወደ ቸርኬው መሀል እየጫንን። መሀሉ ጎድጓዳ ነው፤ ጎማው እዚያ ካልገባ ጉልበት ብቻውን አያወጣውም። ሰው የሚታገለው ይህንን ሳያውቅ ነው።

ካላማዳሪው፣ ማለት የውስጡ ጎማ፣ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቁርጥ ነበር። እሾህ አይደለም። ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መሀል ተቀርጥፎ ነው። አሸዋ ይመጣል ብለን ነፋሱን ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ ነው) አውርደን ነበር፤ አሸዋው ግን ገና አልመጣም፤ ያለው ድንጋይ ነው። ቢሆንም እጄን ጎማው ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን ዳበስኩ፤ ካላማዳሪ ከመቀየር በፊት ይሄ መዘለል የለበትም። አንዲት ቀጭን የግራር እሾህም ተገኘች። ያቺ ብትቀር ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ ነበር።

አዲሱ ካላማዳሪ ወፍራሙ ነው። ከባድ ነው፣ ሲገባም ያስቸግራል፤ ግን በቀላሉ አይቀረጠፍም። ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ነፋንበት፤ ያለዚያ ብረቱ ይነክሰዋል። የሳሙና ውሃ ቀባን፣ ገባ። በእጅ መንፊያ 26 አደረስነው። እጃችን ዛለ። አንድ ገብራ እረኛ ግመሎቹን አቁሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያየን ነበር። ሲያልቅ «ግመል ይሻላል» አለን በኦሮምኛ። ምን ይባላል?

ካላቻ ማታ ገባን። ምንጭ ያለበት፣ ዘንባባ ያለበት መንደር ነው። ማረፊያው 1,500 ሽልንግ። ሻይ በግመል ወተት፣ ጨስ ጨስ ይላል፤ ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ነው፤ የእኛንም አርብቶ አደሮች ወተት ያስታውሳል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20፦ ቻልቢ፣ ኖርዝ ሆር

ቻልቢ ጥንት ሐይቅ የነበረ ሜዳ ነው። ደረቅ ሲሆን እንደልብ ይነዳል። ዝናብ ከነካው ግን ጭቃው ከጎማ ጋር ተጣብቆ የፊት ጎማ መዞር ያቆማል። ስለዚህ ማረፊያው ውስጥ ያገኘነውን ሁሉ ስለ ዝናብ ጠየቅን። የለም ተባልን። ነጭ የጨው ቅርፊት፣ ከፊት የሚንቀጠቀጥ የውሃ መልክ፣ አንድም ዛፍ የለም። ያለ ጂፒኤስ ቀጥ ብሎ መሄድ ከባድ ነው። የጎማ ዱካ ይለያያል፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ይሄዳል። ካርታው ስልካችን ላይ ቀድሞ ወርዷል፤ ኔትወርክ ደግሞ ካላቻ ላይ ቀርቷል።

ለስላሳው አሸዋ የመጣው ወደ ኖርዝ ሆር ስንቃረብ ነው። እዚህ ባለ 250ዋ ገነነች። ጓደኛዬ ቆሞ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ወስዶ፣ ነዳጅ ሰጥቶ ሄደ። እኔ ከኋላው ስዋኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ ተኛች። አሸዋ ላይ መውደቅ አያምም፤ ማንሳቱ ነው። መንገድ ላይ ሰው «የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር» ሲል ብሰማ ከእንግዲህ ከሚወድቀው ጎን ሆኜ ነው የማወራው።

ኖርዝ ሆር ነዳጅ በጀሪካን ይሸጣል፤ ሊትሩ 240 ሽልንግ። ውድ ነው ማለት አልችልም፤ ያንን መንገድ በጭነት መኪና አምጥተውታል። ሻጩን መጀመሪያ በውሃ ጠርሙስ ትንሽ ቅዳልን አልነው። ጠርሙሱን ጥላ ውስጥ አቁመን ሻይ ጠጣን። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ ካለበት ከሥር ይቀመጣል። ከሥር ቀጭን መስመር ታየ። ሌላ ጀሪካን ተቀዳ፤ ያኛው ጥርት ያለ ነው። ሻጩም አልተቀየመንም፤ ራሱ በጨርቅ አጥልሎ ሞላልን።

እዚህ አንድ ፉንዲ አለ። ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው፤ ኬንያ ውስጥ ሁሉንም ይጠግናል። የሚሠራው የታክሲ ሞተሮችን፣ ቦዳ ቦዳዎቹን ነው፤ አብዛኞቹ ቦክሰር የሚባሉት የሕንድ ሞተሮች ናቸው። መደብሩ ውስጥ 6 እና 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ ገመድ፣ ማስቲሽ፣ ካላማዳሪ መለጠፊያ አይጠፋም። ሞተር ስታዘጋጁ ልዩ ቡሎኖችን እያወጣችሁ በነዚህ መተካት የሚያዋጣው ለዚህ ነው። የተቀረጠፈውን ካላማዳሪዬን በ100 ሽልንግ ለጥፎ ትርፍ አደረገልኝ።

ማታ ስፖንጁን ቀየርኩ። የወጣው ቸኮሌት መስሎ ነበር፤ ከውስጥ በኩል ግን ንጹህ ነው። ግሪሱ ሥራውን ሠርቷል።

ረቡዕ፣ ጥር 21፦ ሎያንጋላኒ

አጭር መንገድ፣ ረጅም ቀን። ድንጋዩ የጭንቅላት መጠን አለው፣ ክብ ነው፣ ከጎማ ሥር ይንከባለላል። የሚነዳው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ቆሞ ነው። ካቴናውን የሚያዞረውን የፊት ማርሽ ከ15 ጥርስ ወደ 14 ማውረዳችን እዚህ ታወቀ፤ ሞተሯ ሳትጠፋ በእግር ፍጥነት ትሄዳለች።

ከቀትር በኋላ ከኋላዬ ጡሩምባ ሰማሁ። የጓደኛዬ ግራ ሳጥን መሬት ላይ ተኝቷል። ሳጥኑን የያዘው የፖርቶመጋላ ብረት ከብየዳው ላይ ተሰንጥቋል። ቡሎኖቹ ግን አልተነቃነቁም፤ ነጩ መስመር ቀጥ ብሎ አለ። ብረቱ ራሱ ነው የደከመው። ሳጥኑን በገመድ ኮርቻው ላይ አስረን፣ ክብደት ያለውን ዕቃ ወደኔ ሻንጣዎች ከፋፍለን ቀጠልን። የሻንጣ ክርክሩን ማንም አላነሳውም። አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ሐይቁ። ከጥቁር ድንጋይ መሀል ድንገት አረንጓዴ ውሃ። የኦሞ ወንዝ ነው ከሚገባለት ውሃ 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጣው፤ ከእኛ ደጋ ወርዶ እዚህ በረሃ ውስጥ ይከማቻል። መውጫ የለውም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1888 ሲመጡ ሩዶልፍ ብለውት ነበር፤ ቱርካና የተባለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 22፦ ሎያንጋላኒ፣ የጥገና ቀን

ሌሊቱን ነፋሱ ቆርቆሮ ሲደበድብ አደረ። ነፋሱ በኢትዮጵያና በኬንያ ደጋዎች መሀል ተጨምቆ ስለሚያልፍ ነው ይህን ያህል የሚበረታው። ከደቡብ በኩል በ2019 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 365 ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 310 ሜጋ ዋት። ቦታውን የመረጡት በከንቱ አይደለም።

ብየዳ ያለው ፉንዲ ጄኔሬተሩን አስነሳ። ከመጀመሩ በፊት ጓደኛዬ የባትሪውን ሁለቱንም ሽቦ ፈታ፤ የብየዳ ኃይል በሽቦ ዞሮ የሞተሩን ኤሌክትሪክ ሊያቃጥል ይችላል። ፉንዲው ስንጥቁ ላይ ብቻ አልበየደም። ቁራጭ አንግል ብረት ከጎን ደግፎ በየደው፤ 800 ሽልንግ። አስቀያሚ ነው። ከፋብሪካው ይበልጣል።

እኔ ደግሞ ካቴናውን አጠብኩ፣ ጭነት ተጭኖባት ሳለ መላላቱን ለካሁ። ካቴና ባዶ ሞተር ላይ ልክ ከሆነ ሲጫን ይወጠራል፤ ሲወጠር ኩሽኔታ ይበላል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በመፍቻ መታ መታ አደረግኳቸው። ጥብቆቹ ይጮኻሉ፣ የላላው ድምፁ ይሞታል። የኋላው ላይ ሁለት ላልተው ነበር።

ምሳችን ቲላፒያ በኡጋሊ ነበር፤ 400 ሽልንግ። ኡጋሊ ቅቤና በርበሬ የተነፈገ ገንፎ ነው። ከትኩስ ዓሣ ጋር ግን ያስኬዳል። ከሰዓት በኋላ በኤል ሞሎዎች መንደር በኩል አለፍን፤ ኑሯቸው ዓሣ ማስገር ነው፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው። የመግቢያ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ተገቢ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 23፦ ሳውዝ ሆር፣ ባራጎይ

ከሐይቁ የሚወጣው አቀበት የጉዞው ክፉ ቦታ ነው። ነፋሱ ከጎን፣ ድንጋዩ ከሥር። መሀል ላይ የኔዋ ማስነጠስ ጀመረች፤ ነዳጅ ስትሰጣት ትሞታለች። የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ቡሎን ከፍቼ በጠርሙስ ክዳን ተቀበልኩ። ሁለት የውሃ ጠብታ ከቤንዚኑ ሥር ይንከባለላል። ኖርዝ ሆር ላይ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ገብታለች። ዘጋሁት፣ ተነሳች። ማፍሰሻዋን ሳታወልቅ የምትደርስበት አጭር ካቻቪቴ መያዝ ደጉ ነገር!

ተርባይኖቹ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተለወጠ። ግዙፎቹን ምሰሶዎች ለማጓጓዝ የተሠራ ሰፊ ፒስታ፣ ማለት የተደላደለ የጠጠር መንገድ፣ ነው። እስከ ሳውዝ ሆር በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ፤ ቅንጦት። ሳውዝ ሆር ከበረሃው በኋላ ዛፍ ያለበት ሸለቆ ነው። ሱኩማ ዊኪ፣ ማለት ጎመን፣ በቻፓቲ በላን። ከጎመን ጋር ይህን ያህል ተነፋፍቀን አናውቅም።

ባራጎይ ፖሊስ ጣቢያ ገብተን ስለ ቀጣዩ መንገድ ጠየቅን። አካባቢው ከብት መዘራረፍ ስላለበት ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ታርጋችንን መዝግበው፣ በጠዋት ውጡ፣ አትመሹ አሉን።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፦ ማራላል

ሎሲዮሎ ገደል ላይ ቆመን ወደ ሱጉታ ሸለቆ ተመለከትን። የሰሜን ሸዋን ገደሎች ላየ ሰው እንኳ ያስደነግጣል።

ማራላል ብርድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬንያታ ከመፈታታቸው በፊት የቆዩበት ቤት እዚህ አለ። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም ብዙ ዓመት ኖሮባታል። ግመልና እግር እንጂ ሞተር አይወድም ነበር፤ ከማይኮናው የግመል እረኛ ጋር ይስማማ ነበር። ኒያማ ቾማ፣ ማለት የተጠበሰ ሥጋ፣ ግማሽ ኪሎ 450 ሽልንግ፤ ካቹምባሪው ቃሪያ ቢጨመርበት የእኛው ሰላጣ ነው።

እሁድ፣ ጥር 25፦ ናይሮቢ

ከማራላል በሩሙሩቲ እስከ ኒያሁሩሩ አስፋልት ነው። ጎማዎቹን ወደ 30 ነፍተን ቀጥ ብለን ገባን።

ሰኞ ሁለቱንም ሞተሮች ፈታን፤ በዚያችው ጥቅልል። የጎማ ኩሽኔታዎቹ ንጹህ ናቸው። ባልቮላው አልተነቃነቀም። የኋላ ፍሬን ሸራዬ አልቋል፤ ድንጋያማው ቁልቁለት የበላው ነው። ከኔ ቡሎኖች አንዱ ብቻ ዞሮ ነበር፤ የእግር መርገጫው፤ መስመሩ ተሰብሮ ሎያንጋላኒ ላይ ስላየነው ተጠብቋል። ሳይነካ የተመለሰው ሁለተኛው ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ገመዱና ትርፍ ኩሽኔታው ነው። ለሚቀጥለውም ይሄዳሉ፤ ከመፍቻዎቹ ግን ሁለቱ ይቀራሉ።

ጓደኛዬ የአልሙኒየም ሳጥኖቹን እየሸጠ ነው። የሚፈልግ ካለ ያናግረው፤ የግራው ትንሽ ጎድጎድ ብሏል።